የማይታየው ትራፊክ፦ ልጆቻችን በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ምን ዓይነት ሥራ ይጠብቃቸዋል?



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ትምህርት ቤት ወይም ስለ ቢቱዋሕ ለኡሚ ቅጽ ነው። የዛሬው ርእስ ግን ትንሽ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል፤ ስለ ኮምፒዩተር መረጃ መንገድና ስለ መንገዱ መጨናነቅ ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በቅርቡ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ሊያማክሩኝ መጡ። ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጦር ሠራዊቱን ጨርሶ በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና በሠራተኛ አቅራቢ ኩባንያ በኩል በሚሽሜሬት ይሠራል። አሁን የኔትወርክ ቴክኒሻን ኮርስ ተቀብሎታል፤ ሥራውን ትቶ ሊማር ይፈልጋል። የቤቱ ማሽካንታ ግን ከፊሉ የሚከፈለው ከእርሱ ደመወዝ ነው።

አባትየው እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ በዚሁ ቀጠና ኒካዮን ስሠራ ኖሬአለሁ። መጥረጊያዬ ይታያል፣ የጠረግሁትም ይታያል። እርሱ ግን 'የስቶሬጅ ትራፊክ በስዊች ላይ ማስተካከል እማራለሁ' ይለኛል። መኪና የለ፣ መንገድ የለ፤ ምኑን ነው የሚያስተካክለው? የተያዘ እንጀራ ለማይታይ ነገር ይለቀቃል ወይ?»

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ልጆቻችን የሚገቡበትን ሙያ ብዙ ወላጆች በስሙ እንኳ አያውቁትም። ልጆቹም ለማስረዳት ሲሰለቻቸው «አባዬ፣ አይገባህም» ብለው ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ ዝምታ ይነግሣል። ሰው ደግሞ የማያውቀውን ሥራ ሊመዝን አይችልም። ስለዚህ በዛሬው እትም ይህ ሥራ ምን እንደሆነ በተቻለኝ መጠን በኛው ቋንቋ ላስረዳ።

ከስኳርና ከጨርቅ ወደ መረጃ

ቂርያት ጋት በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቆረቆረች የአዲስ መጤዎች ከተማ ናት። ለብዙ ዓመታት እንጀራዋ ከስኳር ፋብሪካው ከሱጋት እና ከፖልጋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይገኝ ነበር። የፖልጋት የሽመና ማሽኖች ዝም ካሉ ዓመታት አልፈዋል። በ1999 ኢንቴል የመጀመሪያውን የቂርያት ጋት ፋብሪካ ከፈተ፤ በ2008 ደግሞ ፋብ 28 የተባለው ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የቀጠናው ሥራ በእጅ ከሚዳሰሰው ነገር ወደማይዳሰሰው እየዞረ መጥቷል።

በቺፕ ፋብሪካ ውስጥ 300 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሲሊኮን ሳህን በዝግ ሣጥን ሆኖ በጣሪያ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ከማሽን ወደ ማሽን ይጓዛል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎችንም ያልፋል። በየደረጃው ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል። ልኬቱና ፎቶው ሁሉ አንድ ቦታ መቀመጥና በተፈለገ ጊዜ መነበብ አለበት። ሐኪም ቤቱም፣ ባንኩም፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤትም እንዲሁ ናቸው። ሁሉም ጀርባቸው ላይ የመረጃ ማዕከል አለ።

መጋዘኑና መገናኛው

በመረጃ ማዕከል ውስጥ ሦስት ነገሮችን ለዩ። አንደኛው ሰርቨር ነው፤ የሚያስበውና የሚያሰላው ኮምፒዩተር ማለት ነው። ሁለተኛው ስቶሬጅ ነው፤ መረጃ የሚቀመጥበት መጋዘን ነው። ሦስተኛው ስዊች ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ብዙ ገመዶች የሚሰኩበት ጠፍጣፋ ሣጥን ነው።

ትልቅ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ሰርቨር የየራሱን መጋዘን ሊሰጠው ይችላል፤ ነገር ግን የአንዱ ሞልቶ ሲጨነቅ የሌላው ባዶውን ይቀመጣል። ሰርቨሩም ሲበላሽ መረጃው አብሮት ይታሰራል። ስለዚህ ዲስኮቹን በአንድ ላይ ሰብስበው በገመድ ለሁሉም ያካፍሏቸዋል። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ከዲስኩ የሚያነበውና ወደ ዲስኩ የሚጽፈው ነገር ሁሉ በስዊች በኩል ያልፋል። ከከተማችን ሲወጡ 35 ቁጥርና 40 ቁጥር መንገዶች የሚገናኙበትን የፕሉጎትን መገናኛ አስቡ፤ ስዊች እንደዚያ ያለ መገናኛ ነው። እያንዳንዱን የመረጃ ጥቅል አድራሻውን አይቶ ወደ ትክክለኛው በር ይመራዋል። ይህንንም በጥቂት ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ውስጥ ይፈጽመዋል።

እንግዲህ የስቶሬጅ ጭነት ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በስልካችሁ በቪዲዮ ስትነጋገሩ ጥቂት ጥቅሎች ቢጠፉ ምስሉ ለቅጽበት ይደበዝዝና ያልፋል። ሰርቨር ዲስኩ ላይ ሲጽፍ ግን ግማሹ ደርሶ ግማሹ ሊቀር አይችልም። የጠፋው እስኪደገም መጠበቅ አለበት፤ ጥበቃው ከረዘመ ሰርቨሩ «ዲስኬ ሞቷል» ብሎ ሥራ ያቆማል። በባንክ ወይም በሐኪም ቤት ይህ ሲሆን ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

ይህን ለማስቀረት የተሠራ ፋይበር ቻነል የሚባል መንገድ አለ፤ በ1994 በደረጃ ጸድቋል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ተቀባዩ «ይህን ያህል ቦታ አለኝ» ሳይል ላኪው አይልክም። እንስራው ሞልቶ ሲፈስ ዝም ብሎ የሚቀዳ እንደሌለ ሁሉ ማለት ነው። ኢተርኔት የተባለው የተለመደው መንገድ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የስዊቹ ማቆያ ቦታ፣ ባፈር የሚሉት፣ ሲሞላ የመጣውን ጥቅል ይጥለዋል፤ ላኪው መጥፋቱን ሲያውቅ ይድገመው ይላል።

ፋይበር ቻነል የራሱን ስዊችና የራሱን ባለሙያ ስለሚፈልግ ውድ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ መሥሪያ ቤቶች የስቶሬጅን ጭነት በርካሹ በኢተርኔት ላይ መጫን ጀመሩ፤ አይስካዚ የተባለው ደንብ በ2004 ከወጣ በኋላ ይህ ተስፋፋ። መጣልን በለመደ መንገድ ላይ መጣልን የማይችል ዕቃ ተጫነ ማለት ነው። የልጃችን ሙያ የተወለደው ከዚህ አለመጣጣም ነው።

የሚሽሜሬት መለወጫ ሰዓት

በቀጠናው የሠራችሁ ሁሉ ይህን ታውቃላችሁ። መንገዱ ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው፤ ሚሽሜሬት በሚለወጥባት ቅጽበት ግን ሁሉም በአንድ በር ሊወጣ ይጋፋል። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ መኪና ቆጥሮ ለሃያ አራት ሰዓት ቢያካፍለው «መንገዱ ሰፊ ነው፣ ችግር የለም» ይላል። በበሩ ላይ የቆመው ሰው ግን አይስማማም።

በስዊች ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ሰርቨር አንድ ትልቅ ፋይል ሲጠይቅ ፋይሉ በሃያ የዲስክ ሣጥኖች ተከፋፍሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሃያዎቹ በአንዲት ቅጽበት ይመልሳሉ። እያንዳንዱ በሴኮንድ 25 ጊጋቢት ቢልክ በድምሩ 500 ጊጋቢት ይሆናል፤ የሰርቨሩ በር ግን 25 ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ባፈሩ ወዲያው ይሞላል፣ የቀረው ይጣላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው የሚጎዳው። ብዙ ሰርቨሮች የሚጠቀሙበት ሊኑክስ የጠፋ ጥቅል ምልክት ሳያገኝ ሲቀር፣ እንደገና ከመላኩ በፊት ቢያንስ 200 ሚሊሴኮንድ ያህል ይጠብቃል። የዛሬ ፈጣን ዲስክ ደግሞ በ100 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ገደማ መልስ ይሰጣል። ጥበቃው የሥራውን ሁለት ሺህ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በኛ ሰዓት ብናስበው፣ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ጉዳይ ከ33 ሰዓት በላይ ወሰደ እንደማለት ነው። ሠንጠረዡ ግን የአምስት ደቂቃ አማካይ ብቻ ካሳየ «መንገዱ ሩቡም አልተያዘ» ይላል። ተጠቃሚው ይጮኻል፣ ሠንጠረዡ ይክዳል። የቴክኒሻኑ የመጀመሪያ ተግባር የሚጮኸውን ሰው ማመንና በአጭር ጊዜ ልክ እንደገና መለካት ነው፤ በየበሩ የተጣሉ ጥቅሎች ቁጥር ስዊቹ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል።

ታዲያ ምን ይደረጋል?

መድኃኒቶቹ ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ መንገድ መለየት። የስቶሬጁን ጭነት ከሠራተኛው ኢሜልና ከካሜራው ምስል መለየት ያስፈልጋል። ቪላን በሚባል ዘዴ በአንድ ስዊች ላይ የተለያዩ መንገዶችን በስም መለየት ይቻላል። ነገር ግን በስም የተለየ በገመድ አንድ ከሆነ ጠባብነቱ አይቀርም፤ ሁለት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ ተካፍለው የደብዳቤ ሣጥናቸውን ቢለዩ ውኃው አይበዛላቸውም። ስለዚህ አቅም ያለው መሥሪያ ቤት ለስቶሬጅ የራሱን ስዊች ይሰጠዋል። እንዲያውም ሁለት፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቀጥል። ሁለቱም ከአንድ የመብራት መስመር ከተሰኩ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

ሁለተኛ፣ የጥቅሉን መጠን ማሳደግ። የተለመደው የኢተርኔት ጥቅል 1,500 ባይት ይይዛል፤ ትልቁ ግን እስከ 9,000 ድረስ ይይዛል። አንድ ሚሊዮን ባይት ለማጓጓዝ በትንሹ ከስድስት መቶ ስድሳ በላይ ጥቅል ሲያስፈልግ በትልቁ ከአንድ መቶ አሥር ጥቂት በላይ ይበቃል፤ በየጥቅሉ የሚጠፋው ድካም ይቀንሳል። ሆኖም በመንገዱ ያሉት ሰርቨር፣ ስዊችና ዲስክ ሁሉ በመጠኑ መስማማት አለባቸው። ከመካከል አንድ ስዊች በድሮው መጠን ከቀረ ትንሿ የሙከራ ጥቅል ታልፋለች፣ ትልቁ ጭነት ይቀራል። ጀማሪው «ግንኙነቱ ደኅና ነው፣ ሞክሬዋለሁ» ይላል፤ የሠለጠነው ግን በትልቁ ጥቅል ይሞክራል።

ሦስተኛ፣ ቅድሚያ መስጠትና ማስቆም። በ2011 የወጣ አንድ የኢተርኔት ደረጃ ስዊቹ ሊሞላ ሲል የአንዱን ዓይነት ጭነት ብቻ «ቁም» እንዲል ያስችለዋል፤ ሌላው ይቀጥላል። በዚህ ዘዴ የስቶሬጅ ጥቅል ሳይጣል መቆየት ይችላል። አደጋም አለው። የቆመው ስዊች ከኋላው ያለውን ያስቆማል፣ ያም የራሱን ኋላ ያስቆማል፤ አንድ የዘገየ ሰርቨር መላውን አዳራሽ ሊያስር ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በፊት ሌላ ነገር ያደርጋሉ፦ ባፈሩ ሳይሞላ ገና ሲጀምር ስዊቹ በሚያልፉት ጥቅሎች ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክቱ ላኪው ዘንድ ሲደርስ ላኪው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ ዘዴ በ2001 የተደነገገ ነው። ምልክቱ ቀድሞ፣ ማስቆሙ ለክፉ ቀን ብቻ እንዲሆን አድርጎ መጠኑን መወሰን ጥበብ ይጠይቃል።

አራተኛ፣ መንገዶችን ማብዛትና ማመጣጠን። አንድ ስዊች ወደ ታች 48 በር ኖሮት እያንዳንዱ 25 ጊጋቢት ቢሆን ድምሩ 1,200 ነው። ወደ ላይ ስድስት የ100 ጊጋቢት መስመር ብቻ ካለው 600 ይሆናል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተነሡ ግማሹ ይጠብቃል። ለቢሮ ሥራ ይህ አይጎዳም፤ ለስቶሬጅ ግን ይጎዳል። መስመሮቹ በዝተውም ቢሆን ሁለት ትላልቅ ጭነቶች በአጋጣሚ በአንዱ መስመር ተገናኝተው ሌላው ባዶውን ሊውል ይችላል፤ ይህንንም መከታተል ያሻል።

አምስተኛ፣ ሰዓት መለየት። ብዙ ቦታ የመረጃው ቅጂ የሚወሰደው በሌሊት ነው፤ ሁሉም ሰርቨር በአንድ ሰዓት እንዲጀምር ይታዘዛል። በሃያ ሃያ ደቂቃ ልዩነት ቢጀምሩ ያለምንም ወጪ መጨናነቁ ይቀልላል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚጠየቀው «የትኛው ሥራ መጠበቅ ይችላል?» የሚለው ነው።

ስድስተኛውን ለአባትየው ስነግራቸው ፈገግ አሉ፦ ንጽሕና ነው። መረጃው የሚያልፍባቸው ብዙዎቹ ገመዶች ብርሃን የሚሄድባቸው የመስታወት ክሮች ናቸው። ለረጅም ርቀት በሚያገለግለው ዓይነት ብርሃኑ የሚያልፍበት መካከለኛው ክፍል ስፋት 9 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከራስ ፀጉር ብዙ እጅ ይቀጥናል። በጫፉ ላይ ያረፈች በዓይን የማትታይ አቧራ ጥቅሎች እንዲበላሹ ታደርጋለች። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ከመሰካቱ በፊት ጫፉን በማጉያ ያያል፣ ይጠርጋል፣ እንደገና ያያል። በትጋት መጥረግ ሙያ እንደሆነ ለዚያ ቤት ማስተማር አላስፈለገኝም።

ሩቅ አገር ያለ ሥራ አይደለም

አንዳንድ ወላጆች «ይህ የአሜሪካን ሥራ ነው» ይላሉ። አይደለም። በ1990 የወጣው ሲሜትሪክስ የተባለው የታወቀ የስቶሬጅ ማሽን ሲሠራ መሪው እስራኤላዊው መሐንዲስ ሞሼ ያናይ ነበር። በ1999 በዮቅነዓም የተመሠረተው ሜላኖክስ የዚህን ዓይነት ፈጣን ስዊችና የኔትወርክ ካርድ በመሥራት በዓለም ታወቀ፤ ኤንቪዲያ በ2019 በ6.9 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ፣ ግዢውም በ2020 ተፈጸመ። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ማዕከሎች ይህን ሙያ ይበልጥ ፈላጊ አድርገውታል፤ ማሽኖቹ ውድ ስለሆኑ መረጃ እየጠበቁ ሥራ ፈትተው መዋላቸው ኪሳራ ነው። በአዲስ አበባም በአይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል የመረጃ ማዕከሎች ተከፍተዋል።

ለወጣቶችና ለወላጆች የምመክረው

ከላይ ያነሣኋቸው አባትና ልጅ ሁለት ጊዜ ተወያይተው ወደ ስምምነት ደረሱ። ልጁ ሥራውን ሳይለቅ የማታውን ኮርስ እንዲሞክር፣ የማሽካንታው ድርሻም እንዳይቋረጥ ተስማሙ። ጊዜው ይረዝማል፤ ነገር ግን ቤቱ አይናጋም። ይህ ለሁሉም ይሆናል ማለቴ አይደለም። ለእያንዳንዱ ቤት ግን የሚከተሉት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ።

ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት በእውነተኛ ስዊች ላይ በእጅ የሚሠራበት ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ። በስክሪን ብቻ የሚያስተምር ኮርስ ለዚህ ሙያ አይበቃም። «ሥራ እናስገባችኋለን» የሚል ቃል ከተሰጣችሁ በጽሑፍ ይሁን። የወደፊት ቀን የተጻፈባቸውን ቼኮች ከመስጠታችሁ በፊት ብታቋርጡ ምን እንደሚመለስላችሁ ውሉን አንብቡ፤ ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ይዛችሁ ወደኛ ኑ።

ከጦር ሠራዊት የወጣችሁ፣ ፒቃዶናችሁን አስታውሱ። ከተሰናበታችሁ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ለትምህርትና ለተፈቀደ የሙያ ሥልጠና ልታውሉት ትችላላችሁ። የመረጣችሁት ኮርስ የተፈቀደ መሆኑን ግን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። እንግሊዝኛን አትናቁ፤ የስዊቹ መልእክት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ሂሳብን የፈራችሁም አትሽሹ፤ ከላይ የሠራነው ማባዛትና ማካፈል ብዙውን የዕለት ሥራ ይሸፍናል።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ሰንበት ነው። የመረጃ ማዕከል ሌሊትም ሰንበትም አይዘጋም፤ ተራ ጥበቃና የሌሊት ጥሪ አለበት። ይህን ከመጀመሪያው በቤት ተነጋገሩበት። በ1951 የወጣው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ የሳምንቱን ዕረፍት ያስከብራል፤ በዚያ ቀን ለማሠራት ቀጣሪው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሰንበት የሚያከብር ሰው ይህንኑ በቅጥር ጊዜ በግልጽ ቢናገር ይሻለዋል፤ በኋላ ከሚመጣው ጭቅጭቅ ይድናል።

ለወላጆች የምለው አጭር ነው። ልጃችሁን «ምን ሠርተህ ዋልህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲመልስም እስከ መጨረሻው ስሙት። ወጣቶችም አስረዱ። እናትህ በአንድ ምድጃ ላይ ለሃያ እንግዳ ስታሰናዳ የትኛው ድስት ቀድሞ እንደሚጣድና የትኛው መጠበቅ እንደሚችል ታውቃለች። ስዊች ላይ ቅድሚያ መስጠት ምን እንደሆነ ከርሷ ምድጃ ጀምረህ ብትነግራት ይገባታል።

ስለ ሙያ ኮርሶችና ስለ ፒቃዶን ጥያቄ ያላችሁ በጽሑፍ ወይም በአካል አቅርቡልን፤ ስማችሁ አይወጣም። በሚቀጥለው እትም በሚሽሜሬት የሚሠሩ ወላጆች የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ስብሰባ እንዴት ሊከታተሉ እንደሚችሉ እንነጋገራለን። እስከዚያው በሰላም ቆዩ።